ከዚያ ቤት ያልጠጣነው ውሃ

ቅድመ አያቴ መሬት አላወረሰችንም። ቤትም አላወረሰችንም፤ ደሴ ላይ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ቤት የቀበሌ ነበር፣ ዛሬም የቀበሌ ነው። ያወረሰችን አንድ ክልከላ ነው። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ፣ የገዛ ወንድሟ ቤት አለ። ከዚያ ቤት እህል አይቀመስም፤ ውሃ አይጠጣም። እሷ አልቀመሰችም፣ ልጆቿ አልቀመሱም፣ የልጅ ልጆቿ አልቀመሱም። አራተኛዋ ትውልድ እኔ ነኝ።

መምህር ስለሆንኩ ነገርን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ለእኔ የዚህ ነገር መጀመሪያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

ልጅ ሳለሁ በዚያ ቤት ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር አንቀርም ነበር። ቅድመ አያቴን ሁላችንም እምዬ እንላታለን። አንቱ መባል አትወድም፤ «አንቱታ ለባዕድ ነው» ትል ነበር። እምዬ ራሷ ባትሄድም እኛን ትልከናለች። «ሬሳና ሙሽራ ምን አደረጉ?» ትላለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ጸብ አልነበረም። ሰላምታ አለ፣ መሳሳም አለ፣ ሲታመሙ መጠያየቅ አለ። እህልና ውሃ ብቻ የለም። ስለዚህ ከደሴ በሚኒባስ ስንወርድ እያንዳንዳችን ውሃችንን በጠርሙስ ይዘን ነው። ደሴ ብርድ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል፣ ሹራባችንን እናወልቃለን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይቀበለናል። ቀትር ላይ የጠርሙሱ ውሃ እንደ ሻይ ይሞቃል። እነሱ ደግሞ ጥላ ሥር ካስቀመጡት እንስራ እየቀዱ ሲጠጡ ድምፁ ይሰማናል።

የቤቱ ሴቶች ሲያዩን ይስቃሉ።

«የደሴ ሰዎች መጡ፣ ከነጡጧቸው!» ትላለች አንዷ። «ኧረ በአላህ፣ መቼ ነው እናንተ ጡጦ የምትተዉት? ጥርስ አላበቀላችሁም?»

«ጥርስስ አለን» ትላለች አክስቴ። «የሚነከስ ነው ያጣን።»

ይሳሳቃሉ። ምሳ ሲቀርብ እኛ «ጾመኞች ነን» እንላለን፤ እንዳልሆንን ሁሉም ያውቃል።

አንድ ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ ከረሜላ በእጄ አስጨበጠችኝ። መጣልም መብላትም ፈርቼ እስክንሳፈር ድረስ እንደ ጨበጥኩት ቆየሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አያቴ፣ የእምዬ ልጅ ማለት ነው፣ መዳፌን ፈልቅቃ የቀለጠውን ከረሜላ በመስኮት ወረወረችው። ከጠርሙሷ ውሃ አፍስሳ እጄን አጠበችኝ። አልተቆጣችም። የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ዓይኗን ጨፍና ራሷን መቀመጫው ላይ አስደገፈች። ዳገቱን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወጣው። መኪና እንቅልፍ ይጥላታል እንል ነበር።

እርም የሚባለው ነገር ከቁጣ ይለያል። ቁጣ ይበርዳል፣ ሽማግሌ ያበርደዋል። እርም ያለ ሰው ግን ያን ነገር ለራሱ እንደ ሞተ ቆጥሮታል። በእኛ ዘንድ እርም ያለውን ሰው ማንም አይገፋውም፤ እርሙን የሚፈታው እርም ያለው ሰው ራሱ ብቻ ነው። በሸሪዓው አንዱ የማለው ሌላውን እንደማያስር ሸሆቹ ብዙ ጊዜ ነግረውናል። እኛም «ልክ ነው» እንላለን፤ ግን ጠርሙሳችንን ይዘን እንሄዳለን።

እርሙ የመጣው በክፉው ቀን ነው፤ ወሎ በረሃብ ባለቀበት ዘመን። እምዬ ያኔ ከቢስቲማ ወዲያ ባለ መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሁለት ልጆች ቀርተዋታል፦ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት የሆናት አያቴና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ። ታላቅ ወንድሟ ኮምቦልቻ ላይ የእህል ነጋዴ ነው። ወደ እሱ በእግር ወረዱ። ሲደርሱ በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ የሚቆላ ማሽላ ይሸታል፤ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ስታንኳኳ ኮቴው ይቆማል። ወንድሟን በስሙ ጠራችው። ልጆቹን በየስማቸው ጠራቻቸው። አሥር ሰዓት ገደማ፣ የዓስር ሶላት እስኪደርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ «የዚህ ቤት እህልና ውሃ ለእኔም ለዘሬም እርም ይሁን» አለች። ሳትጮህ ነው ያለችው።

ደሴ እርዳታ አለ ሲባል ሰምተው ስለነበር የሐረጎን ዳገት ያዙ። ልጁ እዚያ ሞተ። እምዬ ታሪኩን ስትነግረን የምትጨርሰው ሁልጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ነው፦ «ልጄ ሐረጎ ላይ ቀረ።» ሌላ ዝርዝር የለውም።

ስለ ወንድሟም ማስረዳት ይገባኛል። በኋላ እንደሰማነው ቤቱ ውስጥ የሚስቱ ዘመዶች ታጭቀው ነበር። መንገዱ ዳር የወደቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ለአንድ ሰው የተከፈተ በር ለሁሉም እንደሚከፈት ያውቃል። እህቱ መሆኗን አውቆ ይሁን ሳያውቅ ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ ስሙን ስትጠራ ግን ሰምቷል። እኔ ከመወለዴ በፊት ሞተ። እስኪሞት ድረስ በየጊዜው ሽማግሌ ይልክ ነበር። እምዬ ሽማግሌዎቹን ተቀብላ፣ አብልታ አጠጥታ፣ ተነሥተው ሲቆሙ «ልጁን ይዛችሁት መጣችሁ?» ትላቸው ነበር። ጫማቸውን አድርገው ይሄዳሉ።

ይህን ስጽፍ ክፉ ሴት እንዳላስመስላት እሰጋለሁ። ደግ ነበረች ብዬም አልዋሽም። ደረቅ ነበረች። ሰኞ ገበያ ሰሌን ትሸጥ ነበር። ሰሌን ከዘምባባ ቅጠል የሚሠራው ምንጣፍ ነው፤ ሰው ይሰግድበታል፣ ሲሞት ደግሞ ይጠቀለልበታል። ገዢ ሲመጣ አስቀድማ «ለመስገጃ ነው ለመቀበሪያ?» ብላ ትጠይቃለች። «ለመስገጃ» ያላትን በዋጋ ታደክመዋለች። «ለመቀበሪያ» ያላትን አትከራከርም፤ የሰጣትን ተቀብላ፣ ሰሌኑን ራሷ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ ታሸክመዋለች። «ይህ እንኳ ሰሌን አገኘ» ስትል አንድ ቀን ሰምቻታለሁ። የገዛ ልጇ ሰሌን እንዳላገኘ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የሰሌን ዋጋ ጠፋባት። ቀጥሎ የገበያው መንገድ። በመጨረሻ የሞቱት ሰዎች መሞታቸው ጠፋባት። አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ነቅታ ፍራሹን በእጇ ዳበሰችና «ልጁ የታለ?» አለች።

አክስቴ ደንግጣ አያቴን አየቻት።

«ተኝቷል» አለች አያቴ።

«ጠብቷል?»

«ጠብቷል።»

እምዬ ተመልሳ ጋደም አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የዘወትር ሆነ። በቀን ደጋግማ ትጠይቃለች፤ አያቴም ያንኑ ትመልሳለች። እኔ ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ መምጣቴ ነበርና፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ቀስ እያለ እውነቱ ቢነገረው እንደሚሻል ለማስረዳት ሞከርኩ።

«አንቺ ተማሪ ቤት ስትገቢ አስተምሪ» አለችኝ አያቴ።

ሌላም ነገር መጣ። እምዬ «ወንድም ጥላዬ» የምትለውን ታላቅ ወንድሟን ናፈቀች። «ወንድም ጥላዬ ምነው ጠፋ? ኮምቦልቻ ውሰዱኝ እንጂ፤ ቤቱን ልየው» ትላለች። በሩን ረስታዋለች። እርሙንም ረስታዋለች። እርም ያለችው ሴት የረሳችውን እኛ ይዘነው ቀረን።

በዚያው ዓመት ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍል ተከራየሁና ቅዳሜና እሑድ ደሴ እየወጣሁ መኖር ጀመርኩ። የወንድሟ ልጅ እዚያው ቤት ፊት ለፊት የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው። ከአያቴ ጋር እኩያ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ይጠሩኛል፤ ቆሜ ሰላም ብያቸው አልፋለሁ። ውሃ ልስጥሽ አይሉኝም፤ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ከሱቃቸው ወጥተው መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ዘንድሮ ኢንሻአላህ ለሐጅ ተነሥቻለሁ» አሉኝ። «እምዬን ማግኘት አለብኝ።»

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ላብራራ። ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ ዞሮ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ሳይመለስ ሊቀር ይችላልና የሰው ሐቅ በትከሻው ይዞ አይሄድም። ጋሼ የጎረቤቱን፣ የደንበኛውን፣ የጥንት ሠራተኛውን ሁሉ ጨርሰዋል። የቀረችው እምዬ ናት፤ የአባታቸውን ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት። እኔ ደስ አለኝ። እምዬ አፉ ካለች እርሙ ተፈታ ማለት ነው፤ በሕይወት ሳለች ካላለችው ደግሞ የሚፈታው ሰው አይኖርም። መልእክቱን ቅዳሜ ዕለት ደሴ አደረስኩ። አያቴ ሰምታ «ይምጣ» ብቻ አለች።

የመጡት ከአንድ ሸህ ጋር ነው። ሸሁ የሁለቱም ቤት ሰው ናቸው፤ ሰው ሲሞት የደሴዎቹንም የኮምቦልቻዎቹንም ጀናዛ ያሰግዳሉ። እምዬ ፍራሿ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ፊቷ በራ።

«ወንድም ጥላዬ!» አለች። «ያ ረቢ! መጣህልኝ? ቀረብ በል እስቲ፤ ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሽበት? እህል ትሸጥ ነበር፤ እርጅና መሸጥ ጀመርክ እንዴ?»

ጋሼ አባታቸውን ይመስላሉ ይባላል። እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሸሁ በዓይናቸው ከለከሏቸው። እጇን ስመው አጠገቧ ተቀመጡ። ከኮምቦልቻ የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ከጎናቸው አኖሩት፤ ለመንገድ የያዙት ነው።

«እምዬ፣ ለሐጅ ልሄድ ነው» አሉ። «አፉ ይበሉኝ።»

«ማሻአላህ! ለምኑ ነው አፉ የምልህ? አንተ ምን አድርገኸኝ ታውቃለህ?»

ጋሼ ሸሁን አዩ።

«ሸሁ፣ አፉ ካለች አይበቃም?» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «‹አፉ ብያለሁ› ትበል፤ ያልቃል።»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፉ የሚባለው የሚያውቁትን ነው። ያላወቀችውን አፉ ብትል ቃል ነው እንጂ አፉ አይደለም። ይነገራት፤ ታስታውስና ትበል። ወይም እንቢ ትበል፤ ሐቋ ነው።»

«ማነው የሚነግራት?» አለች አያቴ።

«ቅርቧ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አልነግራትም» አለች አያቴ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እዚህ ቤት ልጁ ተኝቷል። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ሞቷል ብሎ የሚነግራት ካለ ወጥቶ አይመለስ።»

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እህቴ፣ የምሄደው ወደ አላህ ቤት ነው። እንዲህ ሆኜ እንዴት ልሂድ?»

«እንደመጣህ» አለች።

እምዬ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። «ምን ታንሾካሹካላችሁ? እንግዳ ተቀምጦ ይንሾካሾካል? ውሃ ጠማኝ። ወንድሜ፣ የአገርህን ሙቀት ይዘኸው መጣህ መሰለኝ። ያን ስጠኝ እስቲ።»

በጣቷ ያመለከተችው የጋሼን ጠርሙስ ነው። ከዚያ ቤት የተቀዳውን ውሃ። ጋሼ ጠርሙሱን አንሥተው አያቴን አዩ፤ አያቴ መሬት መሬት ታያለች። ክዳኑን ከፈቱላትና ደግፈው አጠጧት። ውሃው በአገጯ ወርዶ ነጠላዋን አራሰው። ጠጥታ ጠጥታ ተነፈሰች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። «ለልጁም አስተርፉለት።»

ጋሼ ተነሥተው ወጡ። ሸሁ ተከተሏቸው። ጠርሙሱ እዚያው ቀረ፤ ከግማሽ በታች ውሃ ነበረው። አያቴ አንሥታው ወደ ጓሮ ወጣችና ደፍታው ተመለሰች።

እምዬ በበልጉ ዝናብ መካከል ሞተች። ወሎ ውስጥ በበልግ መቅበር ከባድ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፣ ወንዶቹ በጣሳ እየጨለፉ ይቆፍራሉ። ለራሷ ብላ ከዓመታት በፊት ያስቀመጠችው ሰሌን ነበራት፤ በእሱ ጠቀለሏት። ጋሼ ከኮምቦልቻ መጥተው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆኑ። በሦስቱ የለቅሶ ቀን ሁሉ መጥተዋል። ከአያቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዱዓ አድርገው ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ «በቃ፣ የእነሱ ነገር ከእንግዲህ እዚያ ነው» አሉ። እርሙ ሳይፈታ ቀረ ማለታቸው ነው።

እኔ በእነዚያ ቀናት አንድ ነገር ታየኝ። በእኛ አገር ነገር የሚያዘው በዕድሜ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ወደ ታላቅ ይላካል፤ አፉ ሲጠየቅ ታላቅ ይጠየቃል፤ ታናሽ አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጣል። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ መካከል፣ አያቴን አፉ በይኝ ያላት ሰው የለም። በዚያ መንገድ ከሄዱት በሕይወት ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ጋሼ ለአንድ አናጢ ምስማር እየመዘኑ ነበር፤ እስኪሄድ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ አያቴን አልጠየቋትም» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«አፉ በይኝ ብለው።»

«እርሙን ያለችው እናቷ ናት፤ አላህ ይማራት።»

«መንገዱን ግን አያቴም አብራ ነው የሄደችው።»

የሚዛኑን ሳህን በእጃቸው ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሱ።

«አይታኛለች» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ስንጥቅ ነበረው። እኔ በውስጥ፣ እሷ በውጭ ሆነን ተያየን። ቆሎ በእጄ ነበር።» ሳህኑን አስቀመጡት። «እምዬ ፊት መቆም ይሻለኝ ነበር።»

በተከታዩ ቅዳሜ ብቻቸውን መጡ፤ ሸህ የለ፣ ሽማግሌ የለ። አያቴ በሰፌድ ምስር እየለቀመች ነበር። እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ግባ» አለች።

«እዚሁ ይበቃኛል።»

«እኛ ቤት ሰው በር ላይ አይቆምም። ግባ።»

ገብተው ተቀመጡ። ለመውጣት ብነሣ አያቴ በእጇ አስቀመጠችኝ።

«ያን ቀን አይቼሻለሁ» አሉ ጋሼ። «አይቼሽ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«እኔስ?»

ጋሼ አቀረቀሩ። አያቴ ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም፤ ጠጠር ታወጣለች፣ ወደ ጎን ትጥላለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። እየለቀመች ነው የነገረችን።

«እናቴ ጉልበቷ አልቆ ነበርና ልጁን እኔ አዘልኩት። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ትንፋሹ ከጀርባዬ ጠፋ። አንገቴ ላይ ይተነፍስ ነበር፤ ቀረ። እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ብነግራት ትቀመጣለች። በዚያ መንገድ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይነሣም ነበር፤ ከታች ጀምረን ስናያቸው ነው የመጣነው። ዝም ብዬ ወጣሁ። በየመሐሉ ዞር ብላ ‹ተኝቷል?› ትለኛለች። ‹ተኝቷል› እላታለሁ። ሜዳው ላይ እስክንደርስ ‹ተኝቷል› አልኳት።»

ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ያኔ አልነገርኳትም። አሁን አርጅታ ልነግራት ነበር?»

የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ጋሼ ከመቀመጫቸው ወርደው መሬት ላይ ተንበረከኩ።

«አፉ በይኝ» አሉ።

አያቴ ከጉልበቷ ላይ የምስር ገለባ አራገፈች። እንቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «ተነሥ። ጉልበትህ ያምሃል።»

«እርሙስ?»

«ልጆቹ ይጠጡ። እነሱ ምንም አላዩም።» ሰፌዱን መልሳ አነሣች። «ለእኔ ግን ውሃ አታቅርብልኝ።»

ጋሼ ለሐጅ በተነሡበት ዕለት ዋዜማ ለመሸኘት ሁላችንም ኮምቦልቻ ወረድን። አክስቴ እንደ ልማዷ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር፤ የቤቱ ሴቶች ሲያዩ የቀለደባት የለም። ቤቱ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ በሩን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የብረት ነው። የጥንቱ በር መቼ እንደተነሣ አልጠየቅኩም።

በትሪ ላይ ብርጭቆ ውሃ ለእያንዳንዳችን ቀረበ። ሴቶቹ አቅርበው አልሄዱም፤ ቆመው ያዩናል። ተማሪዎቼን ውሃ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም ብዬ አስተምራለሁ። ብርጭቆው ፊቴ ተቀምጦ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠች አክስቴም አልነካችም። አያቴን አየኋት።

«ጠጪ እንጂ» አለችኝ። «ይሞቃል።»

ጠጣሁት። የቧንቧ ውሃ ነው። በሩ አጠገብ ከነበሩት ሴቶች አንዷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሼ ግድግዳውን ያያሉ። አያቴ ከዘንቢሏ ጠርሙሷን አወጣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ከራሷ ውሃ ጠጣች፣ መልሳ ዘጋችው።

ሲመሽ በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስን። አያቴን መስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐረጎን ስንጀምር ዓይኗን ጨፍና ራሷን መቀመጫው ላይ አስደገፈች። እጇን ያዝኩት፤ ጨብጣ ነበር፤ የመኪናው መጠምዘዝ በመጣ ቁጥር ጭብጧ ይጠብቃል። ከወዲያ በኩል የተቀመጠች የማላውቃት ሴት መስኮቱን ትንሽ እንድከፍትላት ፈልጋ ወደ አያቴ በአገጯ እያመለከተች፦

«እናት ተኝተዋል እንዴ?» አለችኝ።

«ተኝተዋል» አልኳት።